ነበር ሁሉ ሃድ አይደለም

ከሚሴ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ተሳፍሬ ቢሮው ድረስ ሄድኩ፤ የለም። ተመለስኩ። በማግስቱ በስልክ መልእክት ልንገረው ብዬ ተቀመጥኩ። በአማርኛ ቢሆን «ትናንት ቢሮህ መጥቼ ነበር» ብል ይበቃኛል። መምጣቴም፣ እሱን ማጣቴም፣ እንዲሁ መመለሴም በዚያች «ነበር» ውስጥ ተጠቅልሎ ይደርሰዋል። እኔም ነገሩን እንዳለ ገለበጥኩትና «አይ ሃድ ካም ቱ ዩር ኦፊስ የስተርደይ» ብዬ ላክሁ።

ምላሹ ደቂቃ አልፈጀም። «ኤንድ ዜን?»

ከዚያስ? ከዚያስ ምን! ጨርሻለሁ እኮ። እሱ ግን ወሬ ጀምሬ መሐል ላይ ያቋረጥኩ መስሎት ቀጣዩን እየጠበቀ ነው።

ያችን «ከዚያስ» ብዙ ቀን አሰላሰልኳት። መልእክቴን ቅርጹን ብቻ የሚያይ አራሚ ቢያገኛት ራይት ያደርግልኛል፤ «ሃድ» አለች፣ ከኋላዋ ተማሪዎች «ቪ ስሪ» የሚሉት ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ አለ፣ ሌላ የሚጎድል የለም። ፓስት ፐርፌክት የሚባለውን ይህን የ«ሃድ» ጊዜ ለመሥራት እኮ ከዚህ የቀለለ የለም። «ሃድ» ለእኔም ለእሷም ለእነሱም አይለወጥም። የሚያሳስተን አሠራሩ ሳይሆን መቼ የሚለው ነው። ደግሞ የሚያሳስተን ስላልተማርን አይደለም፤ አማርኛችን እጅግ የሚመስል ነገር ስላለው ነው። እዚህ ጨፋ ሮቢት ደግሞ ብዙው ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በኦሮምኛ ነውና እሱም የራሱን ይዞ ይመጣል፤ «ዴሜ ቱሬ» ማለት «ሄዶ ነበር» ነው። ስለዚህ የጨፋ ልጅ እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ አንድ ሳይሆን ሁለት «ነበር» ይዞ ነው። «ሃድ» ሲባል «አሃ፣ ይችንማ አውቃታለሁ» ይላል። ችግሩ እዚያ ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስሙን እንይ። የአማርኛ ሰዋስው ስንማር «ሄዷል» ቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር» ሩቅ ኃላፊ ተብሎልናል። «ሩቅ» የምትለው ቃል ጭንቅላታችን ውስጥ ትቀርና፣ ነገሩ በጣም የቆየ ሲሆን «ሃድ» የሚገባ ይመስለናል። ትናንት ከሆነ ተራው ኃላፊ፣ በአያቶቻችን ዘመን ከሆነ «ሃድ»። እኔ ራሴ ለዓመታት እንዲህ አስብ ነበር።

ይህን ሐሳብ የምታፈርስልን ድንቅነሽ ናት። ከባቲ ቁልቁል አፋር ሜዳ ላይ፣ ሐዳር የተገኘችው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት! ከዚህ በላይ ሩቅ ከየት ይመጣል? እንግሊዝኛ ግን ስለ እሷ ሲያወራ «ሉሲ ሊቭድ» ይላል፤ ኖረች። ተራ ኃላፊ፣ «ሃድ» የሚባል የለበትም። በሌላ በኩል ዛሬ ጠዋት ስትደውልልኝ ቁርሴን ከግማሽ ሰዓት በፊት ጨርሼ ከሆነ፣ «ዌን ዩ ኮልድ፣ አይ ሃድ ኢትን ብሬክፋስት» እላለሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላስገኘውን «ሃድ» ግማሽ ሰዓት አስገኘው።

ስለዚህ ርቀት አይደለም የሚለካው። ቅደም ተከተል ነው። አንድ ያለፈ ነገር ላይ ቆመን፣ ከእሱም ወደ ኋላ ያለ ሌላ ነገር ዞር ብለን ስናይ፣ ያ ወደ ኋላ ያየነው ነገር «ሃድ» ይለብሳል። አንድ ያለፈ ነገር ብቻውን ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢያረጅ «ሃድ» አያገኝም፤ የሚቀድመው ሁለተኛ ነገር የግድ ያስፈልጋል። ድንቅነሽም ብትሆን ጎረቤት ካገኘች ነገሩ ይለወጣል። አጥንቷ የተገኘው ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ሁለት ወር ከአሥራ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ። እግራችንን ኅዳር ላይ ተክለን ካወራን፣ «ዌን ዜይ ፋውንድ ሉሲ፣ ዘ ደርግ ሃድ ዲፖዝድ ዘ ኤምፐረር» ይሆናል። ድንቅነሽን ሲያገኟት ደርግ ንጉሡን አውርዶ ነበር።

የባልደረባዬ «ከዚያስ» አሁን ገባችሁ? «አይ ሃድ ካም» ስለው፣ «ከሆነ ነገር በፊት መጥቼ ነበር» እንዳልኩት ቆጥሮታል። ያ የሆነ ነገር ምን እንደሆነ እየጠበቀ ነው። ይኸውላችሁ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ በ«ሃድ» ልጽፍ ስል ራሴን የምጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት፦ ከምን በፊት? መልስ ካለኝ እጽፋለሁ። መልስ ከሌለኝ «ሃድ»ን አወጣታለሁ።

ሰዎች «ነገሩ ሁሉ በቅደም ተከተሉ ከተነገረስ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መንገዳችን ይመልሰው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ጨፋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ እያላችሁ ነው። ጉዞውን እንደ መንገዱ ካወራችሁት «ሃድ» አንድ ጊዜም አያስፈልጋችሁም። ሸዋ ሮቢት ምሳ በላን፣ ጨፋ ሮቢት ጎማ ቀየርን፣ ከሚሴ ሻይ ጠጣን። ሁሉም ተራ ኃላፊ። ወሬውን ከሚሴ ጀምራችሁ «ከሚሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ጨፋ ሮቢት ላይ ጎማ ፈንድቶብን ነበር» ካላችሁ ግን ያለፋችሁትን ከተማ ዞራችሁ እያያችሁት ነው። ጎማውም ምሽቱም «ሃድ» ያገኛሉ።

በታሪክም እንዲሁ ነው፤ የወሎን ታሪክ ላንሣ። ራስ ሚካኤል በ1906 ንጉሥ ተባሉ። መስከረም 17 ቀን 1909 አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ሻሩ። አባት ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። እንዲህ በተርታ ሲነገር በእንግሊዝኛም አራቱም ግሦች ተራ ኃላፊ ናቸው። አሁን ከሰገሌ እንጀምረው፦ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ሲዋጉ ልጃቸው ከተሻረ ልክ አንድ ወር ሆኖት ነበር። ያ መሻር «ሃድ ቢን ዲፖዝድ» ይሆናል። ታሪኩ አልተለወጠም፤ ተራኪው የቆመበት ቦታ ነው የተለወጠው። ለእኔ የዚህ ጊዜ ውበት እዚህ ላይ ነው። «ሃድ» ስለ ድርጊቱ ብቻ አይነግራችሁም፤ ተናጋሪው የት ቆሞ እንደሚያወራም ይጠቁማችኋል።

አሁን ወደ አስፋልቱ ዳር እንውጣ። ጨፋ ሮቢት ቆማችሁ ወደ ደሴ የሚያልፍ አውቶቡስ የጠበቃችሁ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። «ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ለፍት» ካልኩ፣ እኔ ስደርስ አውቶቡሱ ተነሣ ማለት ነው፤ ሮጬ በሩን ብይዝ እደርስበት ይሆናል። «ዘ ባስ ዎዝ ሊቪንግ» ካልኩ እየተነቃነቀ ነው፤ ረዳቱ ገና በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። «ዘ ባስ ሃድ ለፍት» ካልኩ ግን አቧራው ብቻ ነው የቀረው፤ ሻይ አዝዛችሁ ቀጣዩን ጠብቁ። በሦስቱም ውስጥ የእኔ መድረስ ያው ነው። «ሃድ» ስትገባና ስትወጣ የምታተርፉት ወይም የምታጡት አንድ ወንበር ነው።

ይህንኑ በአማርኛ እንዴት እንደምንለው አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ስደርስ አውቶቡሱ ሄዷል!» ነው የምንለው፣ እጃችንን እያወናጨፍን። «ሄዶ ነበር» ማለትም ይቻላል፤ ወሬው ሲሞቅ ግን «ሄዷል» ይቀናናል። ያው ቅርብ ኃላፊ የተባለው! እንግሊዝኛው ግን እዚህ ላይ «ሃድ»ን አጥብቆ ይፈልጋል። ነገሩ እንዲህ ተጠላልፏል፤ «ነበር» ባልንበት ቦታ «ሃድ» የማይገባበት ጊዜ አለ፣ «ነበር» ባላልንበት ደግሞ የግድ የሚገባበት። ሁለቱን ቃል ለቃል ያጋባ ሰው በሁለቱም በኩል ይወድቃል።

«ነበር» ባላልንበት የሚመጣውን ላሳያችሁ። በጋ ሲገባ የአፋር ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ይመጣሉ፤ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ሌላው አገር ሲደርቅም ልምላሜ አያጣም። ስለ ባለፈው በጋ ስናወራ «ሣሩ ስለደረቀ ወደ ጨፋ መጡ» እንላለን። «ነበር» የሚባል የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ኸርደርስ ካም ቱ ጨፋ ቢኮዝ ዘ ግራስ ኤልስዌር ሃድ ድራይድ አፕ» ነው። ምክንያት ከውጤት ይቀድማልና። «ስለ» እያልን የምናመጣው ምክንያት ከድርጊቱ በፊት ያለቀ ነገር ሲሆን «ሃድ» አጠገባችሁ ናት ማለት ነው።

ደግሞ ሰው ያለውን ስንደግም። አንድ ሰው የተበደረውን በቴሌብር እልካለሁ ብሎ ሲያመላልሳችሁ ከርሞ በመጨረሻ ላከ እንበል። «ልኬያለሁ አለኝ» ትላላችሁ። አማርኛ የሰውየውን አፍ እንዳለ ያመጣዋል፤ «ልኬያለሁ» የእሱ ቃል ነው፣ እኛ የጨመርነው «አለኝ»ን ብቻ። እንግሊዝኛ ግን ነገሩን በራሱ አንደበት ይተርካል፤ ማለቱ ካለፈ፣ መላኩ ከማለቱም በፊት ነው፤ ስለዚህ «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ሰንት ዘ መኒ»። የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ «ሂ ሴድ አይ ሃቭ ሰንት» ብለው ይጽፉና ገንዘቡን ላኪ ራሳቸው ይሆናሉ። ባለዕዳው እንዴት ደስ ይለው!

አሁን ወደምወዳት ቃል ደረስኩ። «ለካ»።

ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ፣ ቁልፉ የለም። በሩ ላይ ቆማችሁ «ለካ ቤት ውስጥ ረስቼው ኖሯል!» ትላላችሁ። «ኖሯል» እዚህ ላይ መኖርን አይናገርም፤ ነገሩ ቀድሞ ተፈጽሞ ሳለ እኔ ግን አሁን ገና ነቃሁ የሚል ቃል ነው። ሁለት ጊዜዎች አሉ፤ የተፈጸመበትና የነቃሁበት። መፈጸሙ ይቀድማል፣ መንቃቱ ይከተላል። ይህን ወሬ ነገ ለሰው በእንግሊዝኛ ስትነግሩ «አይ ሪያላይዝድ አይ ሃድ ለፍት ዘ ኪ አት ሆም» ነው። «ሃድ»ን የሚያስተምረኝ «ነበር» ይመስለኝ ነበር፤ ለካ «ለካ» ኖሯል! «ለካ ታገባለች ሲሉኝ አግብታ ኖሯል»፣ «ለካ ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ ኖሯል»። ሞክሩት፤ አማርኛውን በ«ለካ» ጀምራችሁ በ«ኖሯል» መጨረስ ከቻላችሁ፣ እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ «ሃድ» ይቀበላል። «ለካ ትናንት ቢሮህ መጥቼ ኖሯል» ማለት እችላለሁ? አልችልም፤ መምጣቴንማ ከመጀመሪያውም አውቀዋለሁ። መልእክቴ ላይ «ሃድ» እንደማይገባ ይህችም ትመሰክራለች።

የ«ኖሮ» ነገር ከተነሣ፣ «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» የምንለውም እዚሁ ሠፈር ነው፦ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ካም»። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ «ሃድ» የምትሄደው ከ«ኖሮ» ጋር እንጂ ከ«ነበር» ጋር አይደለም። «ነበር» በዚህኛው ዓረፍተ ነገር «ዉድ ሃቭ» ሆኗል። ይህቺ «ነበር» የማትገባበት ቤት የላትም። «እመጣ ነበር» ሲባል አንዳንዴ ልማድን ይናገራል፤ ድሮ እመጣ ነበር፣ በእንግሊዝኛ «ዩዝድ ቱ»። «ልመጣ ነበር» ሲሆን ያልተፈጸመ ሐሳብ ነው፤ ጫማዬን አስሬ ሳበቃ ሌላ ነገር መጣብኝ። «ቤት ነበርኩ» ሲሆን ደግሞ ተራ «ዎዝ» ብቻ። እና ያቺ የኔዋ «መጥቼ ነበር»፤ ሆኖ ያለፈ፣ ውጤቱ ያልቆየ ድርጊት። መጥቼ ነበር፣ አሁን የለሁም። ደውዬልህ ነበር፣ አላነሣህም። ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ። እነዚህን ሁሉ እንግሊዝኛ በተራ ኃላፊ ይላቸዋል፦ «አይ ካም»፣ «አይ ኮልድ ዩ»፣ «አይ ዎዝ ሲክ»።

«ከ... በፊት» እና «ከ... በኋላ» ሲኖሩስ? ቅደም ተከተሉን እነሱ ስለሚናገሩት «ሃድ» እንደ ፍላጎታችሁ ናት። «አፍተር ሂ አይት፣ ሂ ለፍት» ብትሉም «አፍተር ሂ ሃድ ኢትን» ብትሉም ያስኬዳል። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ።

ይልቅ የማሳስባችሁ ሌላ ነገር አለ። አማርኛ «ልብሷን አጥባ፣ ቡና አፍልታ፣ ልጇን አዝላ ገበያ ወጣች» ብሎ አራት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ «አጥባ» ከ«ወጣች» ይቀድማል ብሎ «ሃድ ዎሽድ»፣ «ሃድ ሜድ»፣ «ሃድ...» እያለ ይደረድራል። ሎጂኩ ልክ ነው፤ ጆሮ ግን አይቀበለውም። በተርታ የሄደ ነገር ተርታው ራሱ ይናገርለታል፦ «ሺ ዎሽድ፣ ሜድ ኮፊ፣ ኤንድ ዌንት»። ረጅም የኋላ ታሪክ ውስጥ ስትገቡም መጀመሪያ አንድ ሁለቴ «ሃድ» ብላችሁ በሩን ከከፈታችሁ፣ ከዚያ ወዲያ በተራ ኃላፊ መቀጠል ትችላላችሁ። አንባቢው ከኋላ ቤት እንዳለ ያውቃል።

ጆሮም ነገር አለው። ፊልም ላይ «ሃድ» ተብሎ ሙሉውን ሲነገር እምብዛም አትሰሙም፤ «ድ» ብቻ ትቀራለች። «አይድ»። ያቺው «አይድ» ደግሞ «አይ ዉድ»ም ትሆናለች። መለያው ተከታዩ ነው፤ «አይድ ጎን» ከሆነ «ሃድ»፣ «አይድ ጎ» ከሆነ «ዉድ»። ተማሪዎችን የሚያስቀው ደግሞ «ሂ ሃድ ሃድ ላንች» ነው። የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ረዳት ግሥ፣ ሁለተኛው ምሳውን የበላው ዋናው ግሥ ነው፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለወዳጆቼ ያወራሁት ቡና ላይ ነው። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ አንደኛው አርፍዶ ገባና ስኒዎቹን አየት አድርጎ «ጠጥታችኋል?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ምን እንዳሳቀን አልገባውም። ከመካከላችን አንዷ ወዲያው «ዌን ሂ አራይቭድ፣ ዊ ሃድ ድራንክ ዘ አቦል» አለች። «ሃድ» ማለቷ ልክ ነው፤ ሦስተኛው ቅርጽ «ድራንክ» ነው ወይስ «ድረንክ» የሚለው ግን በረካ ድረስ አከራከረን። «ድረንክ» ነው። «ድራንክ» ሁለተኛው ነው።

ለባልደረባዬ በኋላ መልእክቱን እንዲህ ብዬ አረምኩለት፦ «አይ ካም ቱ ዩር ኦፊስ የስተርደይ፣ በት ዩ ሃድ ጎን አውት።» በአማርኛ ብጽፈው «መጥቼ ነበር፣ አንተ ግን ወጥተህ ነበር» ነው፤ ሁለቱም «ነበር»፣ «ሃድ» ያገኘችው ግን ሁለተኛዋ ብቻ። ከምን በፊት ወጣ? እኔ ከመምጣቴ በፊት።

እሱም መለሰ፦ «ሶሪ፣ አይ ሃድ ጎን ቱ ኮምቦልቻ።»